ሳተላይት ሠርቶ መመረቅ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 1970 ከካሊፎርኒያው ቫንደንበርግ የጦር ሰፈር የተወነጨፈው ዴልታ ሮኬት ዋና ጭነቱ የአሜሪካ የአየር ጠባይ ሳተላይት ነበር። ከእሱ ጎን ግን 18 ኪሎ ግራም የማትሞላ አንዲት ሣጥን ተሳፍራ ነበር። ስሟ አውስትራሊስ ኦስካር 5 ይባላል፤ ሠሪዎቿ የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። አንቴናዋን የሠሩት አናጢዎች ከሚለኩበት ተጠቅላይ የብረት ሜትር ቆርጠው ነው። እንዲህ ያለው ብረት ሲያጥፉት ይታጠፋል፣ ሲለቁት ደግሞ ተስፈንጥሮ ቀጥ ይላል። የፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያ አልነበራትም፤ የያዘችው ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ ለሳምንታት ምልክት ስትልክ ቆየች። በየአገሩ ያሉ የሬዲዮ አማተሮችም ድምፅዋን እየተከታተሉ መዘገቡ።

ልጆቹን ያሰባሰባቸው የተማሪዎች የሕዋ ማኅበር ነበር። ሳተላይቷን ሠርተው ከጨረሱ በኋላ እንኳ የሚያሳፍራት ሮኬት እስኪገኝ ዓመታት ጠብቀዋል። ዛሬ በብዙ አገሮች ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በሕዋ ሲስተም ኢንጂነሪንግ ሰርተፍኬት፣ ማስተርስና ዶክትሬት ይሰጣሉ፤ የመግቢያ መስፈርቱ፣ የኮርሱ ዝርዝርና ክፍያው ሁሉ ታውቆ ተቀምጧል። የሙያው ታሪክ ሲታይ ግን ወረቀቱ የመጣው ከሥራው በኋላ ነው። መጀመሪያ ሳተላይት የሠሩ ተማሪዎች ነበሩ፣ ትምህርት ቤቱ ቀጥሎ በእነሱ ዙሪያ ተተከለ። በዚህ ጽሑፍ የሚነሱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሜልቦርኖቹም በፊት የቀደሙ አሉ። ዲሴምበር 12 ቀን 1961 የካሊፎርኒያ የሬዲዮ አማተሮች በትርፍ ጊዜያቸው የሠሯት ኦስካር 1 በአንድ የወታደራዊ ሳተላይት ሮኬት ላይ ተደርባ ወጣች። ክብደቷ 5 ኪሎ ግራም አይሞላም፤ በሞርስ ኮድ ሁለት ፊደል ብቻ እየደጋገመች ትልክ ነበር። ስፑትኒክ ከወጣች ገና አራት ዓመቷ ነው። ሁለቱ ኃያላን መንግሥታት ሕዋን የክብራቸው መለኪያ ባደረጉበት በዚያ ወቅት፣ ጥቂት ሰዎች በግል ቤታቸው የገጣጠሙት ነገር ምሕዋር ውስጥ መግባቱ ለዩኒቨርሲቲዎች በር ከፈተ።

ሙያው ራሱ ምንድን ነው? ሳተላይት የብዙ ባለሙያዎች ሥራ ናት፤ እያንዳንዱ ባለሙያ ደግሞ የራሱን ድርሻ ማስፋት ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ትልቅ ባትሪ ይጠይቃል፣ የመዋቅሩ ባለሙያ ክብደት ቀንሱልኝ ይላል። ካሜራውን የያዘው ሳተላይቷ ሳትንቀጠቀጥ ወደ መሬት እንድታይለት ሲፈልግ፣ ሬዲዮውን የያዘው አንቴናው ወደ ጣቢያው እንዲዞርለት ይፈልጋል። የሲስተም መሐንዲሱ ግራሙን፣ ዋቱን፣ ሰዓቱንና ገንዘቡን በአንድ ሰንጠረዥ ላይ አስፍሮ ለማን ምን ያህል እንደሚደርስ ይበይናል። ከዚያም የተገጣጠመውን ሁሉ ሮኬቱ በሚያናውጠው ልክ በንዝረት ጠረጴዛ ላይ ያናውጠዋል፣ አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ እያጋለና እያቀዘቀዘ ይፈትነዋል። አንዴ ከተወነጨፈ ሄዶ የሚፈታው ሰው የለም።

ይህን ዕውቀት በወግ ማስተማር የተጀመረው በአጫጭር ኮርሶች ነው። በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ መምህራን ለአውሮፓ የሕዋ ድርጅት ሠራተኞች ከሰጡት ኮርስ የፎርተስኪውና የስታርክ የመማሪያ መጽሐፍ ተወለደ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ታትሞ ከዚያ በኋላም እየተሻሻለ ወጥቷል። በአሜሪካ ደግሞ ሞንተሬይ የሚገኘው የባሕር ኃይል የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የሕዋ ሲስተም ትምህርትን በ1980ዎቹ ጀመረ። መኮንን ተማሪዎቹ በየተራ በመመረቂያ ሥራቸው እየተቀባበሉ የሠሯት ፓንሳት የተባለች ሳተላይት በ1998 በዲስከቨሪ መንኮራኩር ተሳፍራ ሄዳለች። አንዱ የጀመረውን ሌላው እየጨረሰ፣ የመጀመሪያዎቹ ከተመረቁ ከዓመታት በኋላ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህን ትምህርት ለዓለም ያዳረሰው ከለንደን ደቡብ ምዕራብ፣ ጊልፎርድ ከተማ ያለው የሰሪ ዩኒቨርሲቲ ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ማርቲን ስዊቲንግ እዚያው ዶክትሬቱን የሠራ ወጣትና የሬዲዮ አማተር ነበር። የዘመኑ ሳተላይቶች የሚሠሩት ለሕዋ ብቻ ተብለው በሚመረቱ እጅግ ውድ ዕቃዎች ነው። ስዊቲንግና ጓደኞቹ ግን ያኔ ገበያ ላይ ብቅ ማለት የጀመሩት ተራ ማይክሮ ኮምፒውተሮች ለሳተላይት ይበቃሉ ብለው ተነሡ። የሰርኪዩት ሰሌዳዎቹን ንድፍ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በእጃቸው ሣሉ። አቧራ የማይገባበት ንጹሕ ክፍል የሚገዙበት ገንዘብ ስላልነበራቸው ቢ ኤንድ ኪው ከሚባለው የቤት ማደሻ ዕቃዎች መደብር በገዙት ቁሳቁስ ራሳቸው ሠሩት። ናሳንም አሳምነው በሮኬት ላይ ያለ ክፍያ ቦታ አገኙ፤ ዩኦሳት 1 ያሏት ሳተላይታቸው ኦክቶበር 6 ቀን 1981 ተወነጨፈች። ከጭነቷ አንዱ ሰው ሠራሽ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ነበር፤ ተማሪዎች በየትምህርት ቤታቸው በርካሽ ሬዲዮ ሳተላይት ስትናገር እንዲሰሙ ታስቦ ነው።

በማግስቱ ዓመት የደረሰባት ነገር ከማንኛውም የክፍል ትምህርት በላይ አስተማሪ ነበር። በአንድ የሶፍትዌር ስሕተት ምክንያት ሁለቱ ማሠራጫዎቿ በአንድ ጊዜ ተከፈቱ። የራሷ ማሠራጫ ድምፅ የራሷን መቀበያ አደነቆረው፤ ከጊልፎርድ የሚላከውን ትእዛዝ መስማት አቃታት። ሳተላይቷ በየዕለቱ ከራሳቸው በላይ ታልፋለች፣ ምልክቷም ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ዝጊ ሲሏት ግን አትሰማም። ወራት እንዲህ አለፉ። በመጨረሻ መፍትሔው ከካሊፎርኒያ መጣ። ስታንፎርድ አጠገብ ያለው 150 ጫማ ስፋት ያለው ግዙፍ የሬዲዮ ሰሃን ወደ ሳተላይቷ ዞሮ ትእዛዙን ከጫጫታው በላይ በሚሰማ ጉልበት ላከላት። ማሠራጫው ተዘጋ። ዩኦሳት 1 ከዚያ በኋላም ለዓመታት ሠርታ በ1989 ከባቢ አየር ውስጥ ገብታ ተቃጠለች። ሳተላይት እንዴት መነደፍ እንዳለበት የጊልፎርድ ልጆች ከዚያ የጭንቀት ጊዜ የተማሩት በሌላ መንገድ አይገኝም ነበር። ሁለተኛይቱን ሳተላይት በስድስት ወር ውስጥ ሠርተው ማርች 1984 ላይ ሲያስወነጭፉ፣ የሚሠሩትን የሚያውቁ ሰዎች ሆነው ነበር።

ዩኒቨርሲቲው በ1985 በ100 ፓውንድ መነሻ ካፒታልና በአራት ሠራተኞች አንድ ኩባንያ አቋቋመ። የኩባንያው ገበያ የተለየ ነበር። ሳተላይት የሌላቸው አገሮች ሳተላይት ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም ይገዙ ነበር። ገዢው አገር ወጣት መሐንዲሶቹን ወደ ጊልፎርድ ይልካል፤ ልጆቹ በዩኒቨርሲቲው ማስተርስ እየተማሩ፣ በኩባንያው የሥራ ቦታ የራሳቸው አገር ሳተላይት ስትሠራ አብረው ይሠራሉ። መምህሩና የሥራ ባልደረባው አንድ ሰው፣ ፈተናውና ምርቱም አንድ ነገር ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ በዚህ የተጠቀሙት ደቡብ ኮሪያውያን ናቸው፤ ታሪካቸውንም ረዘም አድርጎ መንገር ያስፈልጋል።

ቾይ ሱን ዳል በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኮሪያ የመገናኛ ሚኒስትር የነበሩ መሐንዲስ ናቸው። ከሹመቱ ወርደው ወደ ማስተማር ተመለሱ፤ በ1989 ደግሞ ዴጆን ከተማ በሚገኘው ካይስት በተባለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ የሳተላይት ምርምር ማዕከል መሠረቱ። በዚያን ጊዜ ኮሪያ አንድም ሳተላይት አልነበራትም። ቾይ ያደረጉት ገና ዲግሪያቸውን የጨበጡ ጥቂት ወጣቶችን መርጠው ወደ ሰሪ መላክ ነው። ልጆቹ በመጀመሪያ ዩኦሳት 5 ስትሠራ እጃቸውን አስገቡ፤ ቀጥሎ በእሷ አምሳል የራሳቸውን ሠሩ። 50 ኪሎ ግራም የማትሞላው ኪትሳት 1፣ በኮሪያውያን ስሟ ኡሪብዮል፣ ኦገስት 1992 ከፈረንሳይ ጊያና በአሪያን ሮኬት ወጣች።

በአገር ቤት ደስታው ከነቀፋ ጋር መጣ። የተሠራችው እንግሊዝ አገር፣ ንድፏም የእንግሊዞች ሆኖ ሳለ እንዴት የእኛ ትባላለች የሚሉ በርካታ ነበሩ። ነቀፋው ፍትሐዊ አልነበረም፤ ጨርሶ መሠረት የለሽም አልነበረም። ወጣቶቹ መልስ የሰጡት በሥራ ነው። ወደ ዴጆን ተመልሰው የተማሩትን ከአእምሯቸው ሳይጠፋ ደገሙት። ኪትሳት 2 እዚያው ዴጆን ውስጥ ተገጣጥማ፣ የራሳቸው መሣሪያዎች ተጨምረውባት፣ ሴፕቴምበር 1993 ወጣች። ከመጀመሪያይቱ በኋላ 13 ወር ብቻ ነው የፈጀው። ለሦስተኛይቱ ጊዜ ወሰዱ። ንድፏን ከመሠረቱ ራሳቸው አወጡ፤ 110 ኪሎ ግራም የምትመዝነው ኪትሳት 3 ሜይ 1999 በህንድ ሮኬት ተወነጨፈች።

አንዴ አብሮ መሥራት፣ አንዴ የተሠራውን በአገር ቤት መድገም፣ ከዚያ የራስን መንደፍ፤ ኮሪያውያን የሄዱበት መንገድ ይህ ነው። ከሦስቱ ደረጃዎች ብዙ አገሮች የሚወድቁት ሁለተኛው ላይ ነው። መጀመሪያው በሌላ አገር አዳራሽ፣ በሌላ አገር መሣሪያ ይሆናል፤ ፎቶግራፍ ይነሡበታል፣ ባለሥልጣናት ይመርቁታል። ሁለተኛው ግን አዲስ ነገር የለውም ተብሎ በጀት ይነፈገዋል። ተመራቂዎቹ ያኔ ተበትነው ሌላ ሥራ ይፈልጋሉ፤ የያዙት ምስክር ወረቀትም ግድግዳ ላይ ይቀራል።

ከዴጆን ቡድን የወጡ መሐንዲሶች አሥርት ዓመቱ ሲያልቅ ሳትሬክ ኢኒሺየቲቭ የተባለ ኩባንያ መሠረቱ። ተማሪ የነበሩት አስተማሪ ሆኑ። ለማሌዥያ ራዛክሳትን፣ ለዱባይ ዱባይሳት 1ን ሠሩ፤ ሁለቱም በጁላይ 2009 ወጡ። ዱባዮችም ኮሪያውያን በሰሪ ያዩትን አደረጉ፤ ወጣት መሐንዲሶቻቸውን ዴጆን ልከው ከኮሪያውያን ጎን አሠሯቸው። በ2013 በወጣችው በዱባይሳት 2 የኤምሬቶቹ ድርሻ ከፍ አለ። ኦክቶበር 29 ቀን 2018 ከጃፓኑ ታኔጋሺማ የተወነጨፈችው ኸሊፋሳት ደግሞ ዱባይ ውስጥ በራሳቸው ንጹሕ ክፍል ተሠርታለች። ከጊልፎርድ የወጣው ዕውቀት በኮሪያ በኩል ዞሮ ባሕረ ሰላጤው ዳር ደረሰ ማለት ነው፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ፣ ከእጅ ወደ እጅ።

አፍሪካም ከጊልፎርድ ተምራለች። የአልጄሪያ መሐንዲሶች በ2002፣ የናይጄሪያዎቹ በ2003 የመጀመሪያ ሳተላይቶቻቸውን ከዚያ አስወጥተዋል። ናይጄሪያውያን አንድ እርምጃ ጨምረው በ2011 የወጣችውን ናይጄሪያሳት ኤክስን በራሳቸው እጅ ሠርተዋል፤ የሠሩት ግን አሁንም ጊልፎርድ ውስጥ ነበር። ሌላ አገር ሳይሄድ የተማረው የደቡብ አፍሪካው ስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ ነው። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቹ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥተው የሠሯት 64 ኪሎ ግራም የምትመዝን ሰንሳት ፌብሩዋሪ 1999 በአሜሪካ ዴልታ ሮኬት ወጣች፤ የደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያዋ ሳተላይት እሷ ናት።

ያም ሆኖ ሃምሳና መቶ ኪሎ ግራም ለተማሪ ከባድ ነው። ሥራው ከአንድ ተማሪ የትምህርት ዘመን ይረዝማል፤ የጀመረው ፍጻሜውን ሳያይ ይመረቃል። ይህን ችግር የፈቱት ሁለት የካሊፎርኒያ መምህራን ናቸው፤ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ቦብ ትዊግስና የካል ፖሊ ዩኒቨርሲቲው ሆርዲ ፑዊግ ሱዋሪ። በ1999 የሳተላይቱን መጠን አስቀድመው ወሰኑት። በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ፣ ክብደቱም 1 ኪሎ ግራም። ትዊግስ ልኩን ያገኘው የልጆች አሻንጉሊት ከሚሸጥበት ግልጽ የፕላስቲክ ሣጥን ነው። የካል ፖሊ ሰዎች ደግሞ ሦስት ኩቦችን የሚይዝና ሮኬቱ ምሕዋር ላይ ሲደርስ በሞላ የሚገፋቸው ሣጥን ሠሩ። የሮኬቱን ባለቤት የሚያሳስበው የሣጥኑ ደኅንነት ብቻ ሆነ፤ ውስጡ ያለውን ተማሪው እንደፈለገ ይሞክራል።

ኩብሳት የተባሉት እነዚህ ኩቦች ለመጀመሪያ ጊዜ ጁን 30 ቀን 2003 ከሩሲያው ፕሌሴትስክ ወጡ። የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ፣ የቶኪዮ የቴክኖሎጂ ተቋምና የዴንማርኩ ኦልቦርግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሥራዎች በዚያ ጉዞ ነበሩበት። አንዳንዶቹ ብዙም ሳይቆዩ ዝም አሉ። የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲዋ ግን ለወራት ተብላ ተሠርታ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርታለች።

በአንዲት ኩብሳት ላይ ተማሪ የሚማረው ምን እንደሚመስል ከአንቴናዋ ማየት ይቻላል። ዛሬም ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ተጠቅላይ የብረት ሜትር ነው። ብረቱ በኩቧ ዙሪያ ታጥፎ በቀጭን የናይለን ክር ይታሰራል፤ ክሩ በአንዲት የምትግል ሽቦ ላይ ያልፋል። ሳተላይቷ ከተለቀቀች በኋላ ሰዓት ቆጣሪው ሥራ ይጀምራል፤ በደንቡ መሠረት ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አንዳች ነገር መዘርጋት አይፈቀድም። ጊዜው ሲደርስ ባትሪው ሽቦዋን ያግላል፣ ክሩ ይቀልጣል፣ ብረቱ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ክሩ ካልቀለጠ የሁለት ዓመት ልፋት ድምፅ አልባ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ተማሪው ይህን ክር አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ በብርድ፣ ባትሪው ሲደክም፣ ደጋግሞ ያቃጥለዋል። በየጊዜው የቀለጠበትን ሰከንድ ይመዘግባል። ሳተላይቷ ምሕዋር ላይ ሆና ከአንድ ጣቢያ በላይ የምታልፈው በአንድ ጊዜ ለአሥር ደቂቃ ገደማ ነው፤ በየዙሩ ለመነጋገር ያለው ዕድል ያ ብቻ ነው።

በጃፓን የኪዩሹ የቴክኖሎጂ ተቋም ይህን ለአዳዲስ አገሮች ወደሚመች ትምህርት ለወጠው። በርድስ በተባለው ፕሮግራም ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች ኪታኪዩሹ ከተማ ተሰባስበው፣ ማስተርሳቸውንና ዶክትሬታቸውን እየሠሩ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ለየአገራቸው አንዳንድ ኩብሳት ሠርተዋል። በ2017 ከዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ ከተለቀቁት የመጀመሪያዎቹ አምስት መካከል የጋና የመጀመሪያ ሳተላይት አለችበት፤ የባንግላዴሽና የሞንጎሊያም። በ2022 የዩጋንዳና የዚምባብዌ የመጀመሪያ ሳተላይቶች በዚሁ መንገድ ሄዱ።

የኢትዮጵያ ታሪክ የሚጀምረው ሰው ከሚገምተው ቀደም ብሎ ነው። ስፑትኒክ በተወነጨፈችበት በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ወቅት፣ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዌን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቋሙ፤ ከተማዋ ለመሬት መግነጢስ ወገብ ቅርብ መሆኗ ለዚህ ጥናት ተፈላጊ አድርጓት ነበር። በ1960ዎቹ ደግሞ የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ተቋም ሳተላይቶችን ፎቶ እያነሡ ምሕዋራቸውን ከሚለኩት ትልልቅ ካሜራዎቹ አንዱን ደብረ ዘይት ላይ ተክሎ ነበር። በኢትዮጵያ ሰማይ የሚያልፉ የሌሎች ሳተላይቶች በኢትዮጵያ መሬት ላይ ሆኖ ይለኩ ነበር ማለት ነው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ማኅበር በ1996 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በ2000ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ እንጦጦ ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆሙ፣ የድኅረ ምረቃ ትምህርትም ተጀመረ።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1 ከቻይናው ታይዩዋን ተወነጨፈች። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን፣ እርሻንና አካባቢን ለመከታተል ምስል እንድታነሣ የተሠራች ሳተላይት ናት። አብዛኛውን ወጪ ቻይና ሸፈነች፤ ወደ 20 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችም በሥራው ተሳትፈው ሠለጠኑ። የመቆጣጠሪያ ጣቢያዋ እንጦጦ ላይ ሆነ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም.፣ ሁለተኛይቱና አነስተኛዋ ኢቲ ስማርት አርኤስኤስ ተከተለች፤ እሷም ከቻይና።

በፍጥነት ከታየ ኢትዮጵያ ከኮሪያ አላነሰችም፤ በሁለቱ ሳተላይቶች መካከል ያለው ጊዜ እንዲያውም ያጥራል። ልዩነቱ ሁለተኛይቱ የተሠራችበት ቦታ ነው። ሳተላይት መቆጣጠርና ምስል መቀበል ቀላል ሙያ አይደለም፣ የእንጦጦዎቹ ባለሙያዎችም ተምረውበታል። ክሩ የሚቀልጥበትን ሰከንድ የሚመዘግበው ተማሪ ግን እስካሁን የሚገኘው ሌላ አገር ነው። ንዝረት ጠረጴዛ፣ አየር አልባ ክፍልና ጥቂት አስተማሪዎች ያሉት አንድ ቤተ ሙከራ ከሌላው የሕዋ ወጪ ሁሉ ቀድሞ ሊመጣ ይገባ ነበር፤ አሁንም አልመሸም።

እንዲህ ያለ ነገር በምን ያህል ጊዜ እንደሚቻል የቅርብ ምሳሌው ፊሊፒንስ ናት። በ2018 ከበርድስ ፕሮግራም የወጣችው ማያ 1 ኪታኪዩሹ ውስጥ በፊሊፒንስ ተማሪዎች ተሠራች። ተማሪዎቹ ተመርቀው ሲመለሱ የአገሪቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር በፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲ የናኖ ሳተላይት ኢንጂነሪንግ የድኅረ ምረቃ ትምህርት እንዲከፈት ገንዘብ መደበ፤ ተማሪዎቹንም በነጻ አስተማረ። ከጃፓን የተመለሱት ልምዳቸውን ለአዲሶቹ አስተላለፉ። ማያ 3 እና ማያ 4 ማኒላ አጠገብ፣ ዲሊማን ግቢ ውስጥ ተሠርተው ኦገስት 2021 ወደ ሕዋ ጣቢያው ተላኩ። ከማያ 1 በኋላ የፈጀው ሦስት ዓመት ነው።